ማጀቱን ከወለል ማንሳት

ዊልቸር ላይ ሆነው የቤት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የሚቀርጿቸውን የውጭ ቪዲዮዎች ብዙ አይቻለሁ። ጥሩ ጥሩ ነገር አላቸው። ግን ሁሉም የሚደጋግሙት ምክር አንድ ነው። ቁም ሳጥኑን ዝቅ አድርጉት፣ ምድጃውን ዝቅ አድርጉት፣ የዕቃ ማጠቢያውን ዝቅ አድርጉት ይላሉ። ኩሽናቸው የተሠራው ለቆመ ሰው ስለሆነ እውነታቸውን ነው።

የኛ ማጀት ግን መጀመሪያውኑም እታች ነው። ሽንኩርት የምንከትፈው ዱካ ላይ ቁጭ ብለን ነው። ልብስ የምናጥበው ሳፋውን መሬት አስቀምጠን ነው። ቤት የምንጠርገው አጎንብሰን ነው። ከሰል ማንደጃው፣ ጀሪካኑ፣ የሊጡ ባልዲ፣ ረከቦቱ፣ ሁሉም ወለል ላይ ነው ያለው። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ እጁ እንደ ልቡ የሚሠራው ከጭኑ እስከ ትከሻው ባለው ቦታ ነው። ከዚያ በታች ወርዶ ከባድ ዕቃ ማንሳት ከነወንበሩ መገልበጥን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የኔ ምክር የነሱ ግልባጭ ነው። ማጀቱን ከወለል አንሱት።

እኔ በመኪና አደጋ አከርካሪዬ ተጎድቶ ከወገቤ በታች አይታዘዝልኝም። ስሜትም የለውም። እጆቼ ደህና ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ፣ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ይህን የምለው ምክሬ ለማን እንደሚሆን እንድታውቁ ነው። በስትሮክ አንድ ጎኑ የደከመ ሰው፣ ጉልበቷ አልታጠፍ ያላት እናት፣ ከዚህ ውስጥ ለራሳቸው የሚሆነውን ይውሰዱ። ጠረጴዛው ግን ለሁሉም ይሆናል።

«ሠራተኛ ቅጠሪና ዕረፊ» የሚለኝ ብዙ ነው። ሠራተኛ ነበረችኝ። አሁንም አልፎ አልፎ መጥታ የምትረዳኝ ልጅ አለች። ግን ሠራተኛ ትሄዳለች። አገሯ ዘመድ ልትጠይቅ ትሄዳለች፣ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ትሄዳለች። መብቷ ነው። እሷ በሄደች ቁጥር ሻይ እንኳ የማይፈላ ከሆነ ግን ችግሩ ከሠራተኛዋ ሳይሆን ከቤቱ አደረጃጀት ነው።

መጀመሪያ ጠረጴዛ

ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ነገር ብቻ ቢኖር ጠረጴዛ ይሁን። ከሱቅ የሚገዛው ብዙ ጊዜ አይሆንም። ወይ ከፊት ለፊት ማያያዣ ብረት አለው፣ ወይ ሥሩ መሳቢያ ስላለው ጉልበት አያስገባም። ብየዳ ቤት አሠሩት። ከመሄዳችሁ በፊት ዊልቸራችሁ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና ሰው ይለካችሁ። ከመሬት እስከ ጉልበታችሁ አናት ስንት ነው? ከመሬት እስከ ክንድ መደገፊያውስ? እስከ ክርናችሁስ? የጠረጴዛው ሥር ከጉልበታችሁ በላይ እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ይኑረው። ላዩ ከክርናችሁ ብዙም አይብለጥ። ለአብዛኛው አዋቂ ሰው ሥሩ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ላዩ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በእግሮቹ መካከል ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ወደ ውስጥም የዊልቸሩ እግር ማሳረፊያ እስኪገባ ድረስ ባዶ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚረሳው የክንድ መደገፊያውን ነው። ጉልበት ገብቶ መደገፊያው የጠረጴዛውን ጠርዝ ከገጨ ከሥራው ርቃችሁ ትቀራላችሁ። የሚነቀል ከሆነ ስትሠሩ ንቀሉት። የማይነቀል ከሆነ ጠረጴዛው በዚያ ልክ ከፍ ይበል።

እግሩ ቱቦላሬ ይሁን። ላዩን ቺፕውድ አታድርጉት፣ ውኃ ሲነካው ያብጣል። እኔ እብነ በረድ ከሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ የተረፈ ቁራጭ ገዝቼ ነው ያስለጠፍኩት። ትኩስ ድስት አይፈራም፣ በጨርቅ አንዴ ማበስ ይበቃዋል። ዙሪያውን ደግሞ ትንሽ ጠርዝ አስወጡለት። ተንከባሎ የወደቀ አንድ ራስ ሽንኩርት ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። ለኛ ግን «እስኪ አንዴ ና» ብሎ ሰው መጥራት ማለት ነው።

ከጠረጴዛው ጎን ያለው ሁሉ በተቻለ መጠን ከሱ እኩል ይሁን። ምድጃው፣ የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ፣ ምጣዱ። እኩል ከሆነ መሸከም ይቀራል፣ የሚቀረው መግፋት ብቻ ነው። ውኃ የያዘ ድስት ከማጠቢያው ወደ ምድጃው የማደርሰው ወፍራም ጨርቅ ላይ አድርጌ ገፋ ገፋ እያደረግኩ ነው። ማጠቢያው ሥር የነበረውን ቁም ሳጥን አስነቅያለሁ። አሁን ጉልበቴ እዚያ ይገባል። የሙቅ ውኃ ቱቦ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ በስፖንጅ አስጠቅልሉት። ስሜት የሌለው ጉልበት የጋለ ቱቦ ተደግፎ ቢውልም አይነግራችሁም።

ምጣድ

እንጀራ መግዛት ነውር የለውም። ሲደክመኝ እገዛለሁ፣ መብራት ሲጠፋም እገዛለሁ። ግን መጋገር እወዳለሁ። በዚያ ላይ የራሴን ጤፍ ስጋግር ምን እንደምበላ አውቃለሁ። ስለዚህ ከቤቱ ሥራ ሁሉ ብዙ ያሰብኩበት ይሄ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር ጉልበት አይገባም። ቢገባም አታስገቡት። በጎን ነው የምቀርበው። ዊልቸሬን ከምጣዱ ጎን ለጎን አቆምና ሁለቱንም ፍሬን እይዛለሁ፣ ከዚያ ከወገቤ በላይ ዞር እላለሁ። ቀኝ እጃችሁ ከሆነ የሚሠራው ምጣዱ በቀኛችሁ ይሁን።

ፈተናው ስፋቱ ነው። የተለመደው ምጣድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወዲያኛው ጠርዝ ድረስ ሊጥ ለማዞር በጋለው ምጣድ ላይ ሰውነትን መዘርጋት ያስፈልጋል። ሆዱንና ጀርባውን በደንብ መቆጣጠር ለማይችል ሰው ይሄ አያዋጣም። እኔ አነስ ያለ ምጣድ ፈልጌ ገዛሁ። እናቴ የመጀመሪያውን እንጀራ አይታ «ይሄ ለሰው ነው ለአሻንጉሊት?» አለችኝ። ሦስት ከበላች በኋላ ዝም አለች።

ሊጡን በትንሽ ጆግ እየቀዳሁ ነው የማዞረው፣ ለአንድ እንጀራ የሚበቃውን ብቻ። ጆጉ ሲቀል እጅ አይንቀጠቀጥም። አክንባሎውን ስታነሱ ወዲያኛው ጠርዙ ቀድሞ ይነሳ። እንፋሎቱ ወደ ግድግዳው ይሂድ እንጂ ፊታችሁ ላይ አይምጣ። እንጀራውን በሰፌድ ብድግ አድርጎ ማውጣት ሁለት እጅና ጥሩ ሚዛን ይፈልጋል። ከምጣዱ እኩል የሆነ ጠረጴዛ አጠገቡ ካለ ግን ሰፌዱን እዚያ ጠርዝ ላይ አስጠግቶ እንጀራውን ሳብ ማድረግ ነው። አብሲት ስጥልም ትኩሱን ድስት ይዤ አልንቀሳቀስም። የሊጡን ዕቃ ምድጃው አጠገብ አምጥቼ በጭልፋ እጨምርበታለሁ። የሊጡ ዕቃ ራሱ ትልቅ ባልዲ አይደለም። በሁለት ትንንሽ ዕቃ ከፍዬዋለሁ፣ አንዱን በአንድ እጅ መሳብ እንድችል።

ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ድረስ ይስባል። እንደ ማንኛውም ሶኬት ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ጋር አይጋራም። የራሱ መስመርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው። ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ ተቀምጣችሁ በምትደርሱበት ቦታ፣ ከናንተ ወገን ይሁን። የሚጤስ ነገር ሲመጣ በጋለ ምጣድ ላይ ተሻግሮ ማጥፋት አይቻልም። የኔ ከራስ በላይ ተገጥሞ ነበር። ዝቅ አድርግልኝ ስለው ኤሌክትሪሻኑ «ልማዱ እዚህ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ልማዱ የቆመ ሰው ልማድ ነው አልኩት። አሁን ወገቤ አካባቢ ነው።

ስለ ትኩስ ነገር አንድ ሕግ አለኝ፣ ድርድር የለውም። ትኩስ ነገር ጭኔ ላይ አላስቀምጥም። ድስት አይሁን፣ ሻይ አይሁን፣ ገና ከምጣድ የወጣ እንጀራም አይሁን። ከማገገሚያ ማዕከል የማውቃት አንዲት ሴት በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ጭኗ ላይ አድርጋ ከኩሽና ወደ ሳሎን ሄደች። መቃጠሏን ያወቀችው ማታ ልብሷን ስታወልቅ ነው። ቁስሉ ለወራት አልደረቀም። ትኩስ ነገር የሚሄደው በሚገፋ ጋሪ ነው። ሆቴል ቤት ሻይ የሚያቀርቡበት ዓይነት ጎማ ያለው ባለ ሁለት ደርብ ጋሪ ተሸጦ ይገኛል። ብየዳ ቤትም ይሠራዋል። ለቀዝቃዛ ዕቃ ግን ጭን ጥሩ ተሸካሚ ነው። ጠርዝ ያለው ትሪ ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ ሥሩ የማያንሸራትት ጨርቅ ይነጠፍ፣ ሁለቱ እጃችሁ ለጎማው ነፃ ይሆናል።

ልብስም ነገር አለው። እሳት አጠገብ ናይለን አትልበሱ። ነጠላችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት ወይም አውልቁት። የነጠላ ጫፍ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገት ድረስ ይስባል።

ሰውነት ከወጥ በፊት

በሥራ መካከል የሚረሳ ነገር አለ። እናንተ ወጥ ስታማስሉ ወንበሩ መቀመጫችሁን እያማሰለ ነው። ስሜት የሌለው ቆዳ አጥንትና ትራስ መካከል ሲጨፈለቅ ደም አይደርሰውም። የመቀመጫ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደቱን ከመቀመጫው ላይ እንድናነሳ ይመክራሉ። በእጅ ተደግፎ ብድግ ማለት አለ። ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት ጠረጴዛው ላይ መደገፍም አለ። ብድግ ማለቱ ትከሻን ይጎዳል፣ ለአጭር ጊዜም ነው የሚቻለው። ስለዚህ እኔ መደገፉን ነው የምመርጠው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል። ሰዓት መቁጠር ስለሚያሰለቸኝ ከሥራው ጋር አያይዤዋለሁ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ አንዴ፣ በርበሬው ሲገባ አንዴ፣ ውኃ ጠብ ሲደረግ አንዴ። የሀበሻ ወጥ በዚህ ይመሰገናል፣ ጊዜ ይሰጣል።

ትከሻችሁንም ጠብቁ። ዓመታት ዊልቸር የገፋ ሰው ትከሻው መታመሙ የተለመደ ነው። ትከሻ ከታመመ ደግሞ እጅም እግርም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ከባድ ነገር ማንሳት ጀግንነት አይደለም። ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብላችሁም ውኃ መጠጣት አትቀንሱ። በሥራ ቀን ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ትርፉ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው።

ውኃ

20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ተቀምጦ ከመሬት የሚያነሳው የለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሁሉም ቤት በጀሪካን ተሞልቷል፣ መተላለፊያው ላይ ተደርድሮ ዊልቸር ያግዳል። መፍትሔው ከበድ ያለ ወንበር ወይም የብረት መቆሚያ ላይ በርሜል አስቀምጦ ከታች ቧንቧ ማስገጠም ነው። ቧንቧው ከጭናችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን፣ ድስት ከሥሩ እንዲቆም። ውኃ በመጣ ቀን ከግድግዳው ቧንቧ በጎማ ይሞላል፣ ማንም አይሸከምም። መቆሚያው ጠንካራ መሆኑን ሁለት ሦስቴ አረጋግጡ። 100 ሊትር በርሜል 100 ኪሎ ነው፣ ከጎናችሁ ቢወድቅ ጨዋታ አይደለም። ለትንሽ ለትንሹ ሥራ ባለ 3 እና ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይበቃል።

ልብስና ወለል

ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ሌላው ዝርዝር ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጥባለሁ፣ የሳምንት ልብስ አልከምርም። ስጨምቅ ልብሱን በቧንቧው አንገት ላይ አዙሬ ሁለቱን ጫፍ ይዤ እጠመዝዛለሁ። ያን ያህል ጉልበት አይፈልግም። ብርድ ልብስና ጋቢ ግን አልነካም። ለልብስ አጣቢ ከፍዬ አሳጥባለሁ። ለዚህ የወጣ ብር አይቆጨኝም። በረኪና ስትጠቀሙ ጭናችሁ ላይ ላስቲክ ይኑር፣ የረጠበ ልብስ ላይ ተቀምጦ መዋል ቆዳን ይጎዳል።

ገመድ ላይ ችግር ገጥሞኝ ነበር። የሕንፃው የጋራ ማስጫ ከቆመ ሰው ራስ በላይ ነው የተዘረጋው። ለእኔ አንድ ገመድ ዝቅ ብሎ ይዘርጋ ስል «ልጆች ይጫወቱበታል» የሚል ክርክር ተነሳ። መጨረሻ ላይ መስኮቴ ሥር፣ ትከሻዬ ልክ፣ የራሴን ዘረጋሁ። ልጆቹ በርግጥም ይጫወቱበታል። ሰርቀው የሚሄዱት መቆንጠጫ ብቻ ነው።

ወለል የሚወለወለው ወደ ኋላ እየሄዱ ነው። ከሩቁ ግድግዳ ጀምራችሁ ወደ በሩ እያፈገፈጋችሁ ካልሆነ የወለወላችሁትን በጎማ መልሳችሁ ታቆሽሻላችሁ። የመጥረጊያው እጀታ ረጅም ይሁን። አጭሩን የጭራ መጥረጊያ የምትወዱ ከሆነ እጀታው ላይ የመወልወያ እንጨት ማሰር ይቻላል። የውኃውን ባልዲ ጎማ ያለው ጣውላ ላይ አድርጌ በገመድ ነው የምጎትተው። ግማሽ ብቻ ነው የምሞላው።

ከሁሉ በፊት ግን የራስን ጎማ ማጽዳት። ክረምት ላይ ከውጭ ስትገቡ ዊልቸሩ የሰፈሩን ጭቃ ሁሉ ይዞ ይገባል። በሬ ላይ ረጠብ ያለ ማዳበሪያ አነጥፋለሁ፣ ከሱ ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ። ላያቸው ላይ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ ነው፣ ከዚያ እጅ የሚይዘውን ቀለበት በጨርቅ ማበስ። ያ ቀለበት ከተረሳ ጭቃው ከእጅ ወደ ሊጥ ይሄዳል።

አልጋ አጭር ነው። ከላዩ ሳልወርድ ነው የማነጥፈው። አንሶላውን ከነብርድ ልብሱ እስከ ደረቴ ስቤ፣ ግራና ቀኙን አስተካክዬ፣ ከዚያ ወደ ዊልቸሩ እሻገራለሁ። የሚቀረው የተቀመጥኩበትን አንድ ጥግ መሳብ ነው።

ቡና

ቡና ላይ ከእናቴ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ቡና በረከቦት፣ ረከቦት በቄጠማ፣ ቄጠማ በወለል ነው ባይ ናት። ስትፈላ ሥነ ሥርዓቱ ያምራል፣ አልክድም። ግን እኔ ከወንበሬ ሆኜ ወለል ላይ ካለ ከሰል ጀበና ላነሳ አልችልም። ረከቦቱን አጭር ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት፣ ጉልበቴ አጠገብ በሚደርስ ከፍታ። ጀበናውን ከጎኔ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላዋለሁ። ቆሎውም ዕጣኑም አልቀረም። ከሰል የግድ ካላችሁ መስኮት ክፈቱ። የከሰል ጭስ ቤት ዘግተው ሲያነዱት ሰው ይገድላል፣ ፈጥኖ ብድግ ብሎ መውጣት ለማይችል ሰው ደግሞ ይብሳል። ፍንጣሪው የወንበሩን ጨርቅና ትራስ እንደሚበሳም አስቡ።

ቄጠማ ግን የዊልቸር ጠላት ነው። የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች እየተሽከረከሩ ቄጠማውን ወደ ውስጥ ይጠቀልሉታል። በዓል ካለፈ በኋላ ወንበሩ መዞር እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። የሰው ፀጉርና ክርም እንዲሁ ነው። ቀጭን መቀስና ጉጠት ይዞ ማውጣት ይቻላል። ባይወጣ ጎማውን መፍታት ነው። እኔ ዘንድ ቄጠማ የሚነጠፈው ረከቦቱ ጠረጴዛ ሥር ብቻ ነው። እናቴ እሱን ተቀብላለች።

ቤቱና አጥሩ

ደረጃና በር ላይ አልረዝምም። መወጣጫ ስታሠሩ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ደረጃው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መወጣጫው 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። ግንበኛ በግማሹ ጨርሶ «ይበቃል» ይላል፣ እሺ አትበሉት። የመታጠቢያ ቤት በር ከጠበበ በሩን ነቅሎ መጋረጃ መስቀል የበሩን ውፍረት ያህል ቦታ ያስገኛል። ብዙ ጊዜ ለማለፍ የጎደለው ያችው ናት።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ደስ ይላል። ማጀት ድረስ ግን አዋጅ አይገባም፣ እዚያ ያለነው እኛና በያጁ ብቻ ነን።

ሰዎች

ለቅሶ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ሽንኩርት ይዘው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እኔ ስጠጋ «አንቺ ተቀመጪ፣ አትልፊ» ይሉኛል። ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ። በቅንነት ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ግን እድርተኛ ሆኖ ሁልጊዜ ተጋባዥ መሆን ይከብዳል። አሁን የራሴን መክተፊያና ቢላ በቦርሳ ይዤ ነው የምሄደው። መክተፊያው ሥሩ ላይ ላስቲክ ተለጥፎበታል፣ ትሪዬ ውስጥ ሆኖ ጭኔ ላይ አይንሸራተትም። ከደረስኩ በኋላ አልጠይቅም፣ ሽንኩርቱን እቀበላለሁ። አንዲት እትዬ «እንዴት አድርገሽ ነው?» ብለው ሲያዩኝ ቆዩና የሳቸውን ድርሻ ጨምረው ሰጡኝ። እንዲያ ነው የምፈልገው።

ቤት ውስጥ የምጠይቀው ትልቁ ነገር ዕቃ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ነው። እንግዳ የሆነ ዘመድ መጥቶ «ላግዝሽ» ብሎ ጨውን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው እሱ ከሄደ በኋላ ጨው የለኝም። ስለዚህ መደርደሪያዎቹን ከፍለናል። ከትከሻዬ በታች ያለው የኔ ነው፣ እዚያ የሚነካ አስፈቅዶ ይነካል። ከላይ ያለው የባለቤቴ ነው፣ የበዓል ዕቃና በየዕለቱ የማይነካ ነገር ይቀመጥበታል። ባለቤቴ ቆሻሻ ማውጣት፣ ጋዝ መቀየርና ከባድ ዕቃ ማንሳት የሱ ነው። ወጥ መሥራትም ተምሯል፣ ሽሮው ይቀጥናል እንጂ።

ልጆች ያላችሁ፣ ልጃችሁን እግራችሁ አታድርጉት። «አምጪ፣ ውሰጂ፣ አንሺ» እያሉ መዋል ቀላል ነው። ልጄ የቤት ሥራ ድርሻ አላት፣ እንደ ማንኛውም ልጅ። ዕቃ ማጠብና ገበታ ማንሳት የሷ ነው። የወደቀ ነገር ማንሳት ግን የሷ አይደለም። ለሱ ረጅም እጀታ ያለው መቆንጠጫ አለኝ። ብየዳ ቤት አሠርቼ ጫፉ ላይ ላስቲክ አልብሼዋለሁ። ማግኔትም ተለጥፎበታል፣ ማንኪያና ቁልፍ በሱ ይነሳል። ከዊልቸሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ይውላል።

ወንበሩ ራሱ

ሁሉም የሚቆመው ዊልቸሩ ላይ ነውና ለሱ ጊዜ ስጡት። አዲስ አበባ ውስጥ ዊልቸር የሚጠግንና የሚያድል አዲስ ጉዞ የሚባል ድርጅት አለ፣ ብዙዎች እዚያ ተረድተዋል። ትንንሹን ግን ቤት መሥራት ይቻላል።

ምጣድ ፊት ከመቅረባችሁ በፊት የምትፈትሹት ንፋሱን ነው። በንፋስ የሚሞላ ጎማ ያለው ወንበር ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን በመጫን ነው። ጎማው ሲላላ ፍሬኑ የሚጫነው ነገር ያጣል። ፍሬኑ ተይዞም ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ያውም ዞር ብላችሁ ሊጥ በምታዞሩበት ሰዓት። ፍሬኑን ይዛችሁ ወንበሩን ገፋ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ እንጀራው ይቆይ። የጎማው ጎን ላይ ስንት ንፋስ እንደሚይዝ ተጽፏል። የብስክሌት መንፊያ ቤታችሁ ውስጥ ቢኖር ይመረጣል። ጎሚስታ ጋ ከሄዳችሁ ግን ቁጥሩን አሳዩትና ቀስ አድርጎ ይሙላው፣ በመኪና ልማድ ከለቀቀው ካላማዳሪያው ይፈነዳል። አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ ቤት አስቀምጡ። በበዓል ዋዜማ ጎሚስታውም ይዘጋል።